ከስቴት ስቴት ለምትሸጡ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ስላለችው ታክስ ሠሪ

ይህን የምጽፈው ኦንላይን ዕቃ እየሸጣችሁ በየስቴቱ ለምትልኩ ሰዎች ነው። ደመወዝተኞች እለፉት፤ ይሰለቻችኋል።

እኔ የቡና ዕቃ ነው የምሸጠው። ጀበና፣ ሲኒ፣ ረከቦት፣ የዕጣን ማጨሻ፣ አልፎ አልፎም ሙዳይና መሶብ። ዕቃው የተቀመጠው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ፣ ቤታችን ቤዝመንት ውስጥ ነው። ገዢው ግን ሚኒሶታ አለ፣ ዳላስ አለ፣ ሲያትል አለ፣ አትላንታ አለ፣ ሎስ አንጀለስ አለ። ሐበሻ ባለበት ሁሉ ጀበና ይሰበራል፤ በተሰበረ ቁጥር ደግሞ ለእኔ ትዕዛዝ ይመጣል። ድርጅቱ በስሜ የተመዘገበ ኤል ኤል ሲ ነው፤ የባለቤቱን ንብረት ከድርጅቱ ዕዳ የሚለይ የንግድ ድርጅት ዓይነት ማለት ነው። ባለቤቱም ሠራተኛውም እኔው ነኝ፤ በዓል ሲደርስ ልጄ እያሸገች ታግዘኛለች።

ለዚህ ሁሉ ስቴት የገቢ ታክስ አለብኝ ወይ ብዬ ያልጠየቅኩት ሰው የለም፤ መልሱም እንደ ጠያቂው ብዛት ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ያገኘሁት አንድ ወንድም "መቶ ሺህ ዶላር እስኪሞላ ምንም አያገባሽም" አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ "የምትሸጪበት ድርጅት ራሱ ቆርጦ ይከፍልልሻል" አለች። በየወሩ ከካርዴ ላይ ገንዘብ የሚወስደው የሽያጭ ታክስ አፕም አረንጓዴ ምልክት አድርጎ ሁሉም ተሟልቷል ይለኛል። ሦስቱም አልዋሹም፤ ግን የሚያወሩት ስለ ሌላ ታክስ ነው። ሰው የሽያጭ ታክስን (ሴልስ ታክስ) እና የገቢ ታክስን (ኢንካም ታክስ) አንድ አድርጎ ያወራል፤ ሁለቱ ግን የሚመሩት ለየብቻቸው በሆነ ሕግ ነው።

ታክስ ሠሪዋ ቢሮዋ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጆርጂያ አቬኑ የሚባለው መንገድ አካባቢ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰር የለውም። ጉልበት ለሚያማችሁ ከአሁኑ ልንገራችሁ። መኪና ማቆሚያም የሕዝብ ፓርኪንግ ስለሆነ ሜትሩን አስቡበት። እሷ "ኢንሮልድ ኤጀንት" ናት፤ የፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት (አይ አር ኤስ) ፈትኖ ፈቃድ የሰጣት፣ ደንበኛዋን ወክላ እዚያው ድረስ ሄዳ መከራከር የምትችል ማለት ነው። በክፍያ የፌዴራል ታክስ የሚሠራ ሁሉ ፒቲን የሚባል ቁጥር ሊኖረው ግድ ነው፤ እሱን ግን ማንም ከፍሎ ያወጣዋል። ስለዚህ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት ስታዩ የቱ እንደሆነ ጠይቁ።

በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። እኔ አንቺ እላታለሁ፤ እሷ "እትዬ" እያለች እርስዎ ትለኛለች። ደረሰኝ የሞላበት ካርቶኔን ይዤ ስገባ ወደ ጎን ገፋችው።

"ወረቀቱ ይቆየን፣ እትዬ። መጀመሪያ አንድ ጀበና ከእርስዎ ቤት ወጥቶ ሰው እጅ እስኪገባ ምን ምን እንደሚሆን ይንገሩኝ። ከደረሰ በኋላ ያለውንም ጨምረው።"

ይህን ጠይቆኝ የሚያውቅ ታክስ ሠሪ የለም። ሌላው ጋ "ስንት ሸጥሽ? ወጪሽ ስንት ነው?" ብሎ ነው የሚጨርሰው። ይቺ ግን ማን ትዕዛዙን እንደሚቀበል፣ የት እንደሚታሸግ፣ በፖስታ ቤት ይሁን በዩ ፒ ኤስ፣ የተሰበረ ሲመጣ ማን ምን እንደሚል፣ ሁሉንም አንድ በአንድ እየጠየቀች ቢጫ ወረቀት ላይ ጻፈች። ለምን እንደምትጠይቅ የገባኝ ቆይቶ ነው።

መጀመሪያ የሽያጭ ታክሱን ከመንገድ አነሳችው። በ2018 ጁን ላይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሳውዝ ዳኮታ ዌይፌር የተባለውን የቤት ዕቃ ሻጭ የከሰሰችበትን ጉዳይ ለስቴቱ ፈረደ። ከዚያ ወዲህ አንድ ስቴት ውስጥ ቢሮም ሱቅም ባይኖርሽ፣ ብዙ ከሸጥሽበት ከገዢው ላይ የሽያጭ ታክስ ሰብስበሽ ማስገባት አለብሽ። ያ ሰው ያለኝ መቶ ሺህ ዶላር የመጣው ከዚህ ነው፤ የሳውዝ ዳኮታ መስመር 100,000 ዶላር ወይም 200 ሽያጭ ነበር። 200ውን ራሷ ሳውዝ ዳኮታ በ2023 አንስታዋለች፤ ካሊፎርኒያና ቴክሳስ ደግሞ መስመራቸው 500,000 ነው። በትልልቆቹ የገበያ ድረ ገጾች በኩል ስትሸጪ ይህን ታክስ ሰብስቦ የሚያስገባው ድረ ገጹ ነው። ጓደኛዬም እውነቷን ነው እንግዲህ። ግን ይህ የገዢው ገንዘብ ነው፤ በአንቺ እጅ ያልፋል እንጂ ያንቺ አይደለም። የገቢ ታክስ የሚባለው ካተረፍሽው ላይ የሚቆረጠው ነው፤ እሱን ማንም ድረ ገጽ አይከፍልልሽም።

የገቢ ታክሱን የሚመለከተው ሕግ ደግሞ የ1959 ነው። ቁጥሩ ፐብሊክ ሎው 86-272 ይባላል፤ ቢሮዋ ውስጥ "ሰማንያ ስድስቱ" ነው የምትለው። ታሪኩን ስትነግረኝ ደስ አለኝ፤ የጀበና ደንበኞቼ አገር ሚኒሶታ አለችበትና። የአይዋ ሲሚንቶ ፋብሪካ ሚኒሶታ ውስጥ በሠራተኞቹ በኩል ትዕዛዝ እየሰበሰበ ይሸጥ ነበር። ሚኒሶታ ከትርፉ ድርሻዬን ልቁረጥ አለች፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1959 ፌብሩዋሪ ትችያለሽ አላት። ነጋዴው ሁሉ ደነገጠ። ኮንግረስ ያን ያህል ፈጥኖ ሲሠራ ዛሬ የምናየው አይደለም፤ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ሕጉን አወጣ።

ሕጉ የሚለው ይህ ነው። የምትሸጪው የሚዳሰስ ዕቃ ከሆነ፣ በዚያ ስቴት የምታደርጊው ነገር ትዕዛዝ መጠየቅ ብቻ ከሆነ፣ ትዕዛዙን የምትቀበዪው ከስቴቱ ውጭ ሆነሽ ከሆነ፣ ዕቃውም የሚላከው ከውጭ ከሆነ፣ ያ ስቴት በተጣራ ትርፍሽ ላይ ታክስ መጣል አይችልም። ኮርፖሬሽን ብትሆኚ፣ ኤል ኤል ሲ ብትሆኚ፣ በራስሽ ስም ብትነግጂ ለውጥ የለውም። የሽያጩ መጠንም አይጠየቅም። ከአሌክሳንድሪያ ቤዝመንት ሚኒያፖሊስ የተላከ ጀበና በዚህ ጥላ ሥር ነው።

"እንግዲያው ጨረስን" ብዬ ቦርሳዬን ሳነሳ "ቆይ እትዬ፣ ድረ ገጽዎን ልይ" አለችና ስልኬን ተቀበለችኝ።

ይህን ክፍል በደንብ ልንገራችሁ፤ የከፈልኩት ገንዘብ የሠራው እዚህ ጋ ነው። ገጼን ከላይ እስከ ታች እየጎተተች አየችው። ከታች በስተቀኝ ያለችውን ትንሽ ክብ የቻት ምልክት ነካችና "ጀበናዬ አንገቱ ተሰብሮ ደረሰኝ" ብላ ጻፈች። እዚያው ፊቷ ተቀምጬ የልጄ መልስ መጣ፦ "ይቅርታ፣ ፎቶ ይላኩልን፤ ሌላ እንልክልዎታለን።" ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ኮስተር ብላ "ይቺ ናት እንግዲህ" አለች።

ነገሩ ወዲህ ነው። "ትዕዛዝ መጠየቅ ብቻ" ማለት ምን ማለት ነው የሚለው ከሕጉ ጀምሮ ሲያከራክር የኖረ ነው። በ1992 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የማስቲካ አምራቹን ሪግሊንና የዊስኮንሲንን ክርክር ሲፈርድ መስመር አበጀለት። የቺካጎው ኩባንያ ሻጮች ዊስኮንሲን ውስጥ ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ ትዕዛዝ ብቻ አልነበረም የሚቀበሉት። የደረቀ ማስቲካ አንስተው በነፃ አዲስ ይተካሉ፣ መኪናቸው ውስጥ ካለው ማስቲካ ለባለሱቁ መደርደሪያ እየሞሉ ያስከፍላሉ። ፍርድ ቤቱ መሸጫን የሚያግዝና ከመሸጥ ውጭ ሌላ ጥቅም የሌለው ነገር ይፈቀዳል፣ ከዚያ ያለፈው ግን ኢምንት ካልሆነ በቀር ጥላውን ያስቀራል አለ። ሪግሊ ተሸነፈ። የደረቀ ማስቲካ መተካት ከሽያጭ በኋላ የሚሰጥ አገልግሎት ነው። የተሰበረ ጀበና መተካትስ?

በ1992 ለዚህ ሥራ ሰው በአካል መሄድ ነበረበት። በ2021 ኦገስት ግን የስቴቶቹ የጋራ የታክስ ኮሚሽን አዲስ አቋም አወጣ፦ ስቴቱ ውስጥ ያለ ገዢ ድረ ገጽሽን ሲከፍትና ሲነካካ አንቺ እዚያ ስቴት ውስጥ እንደሠራሽ ይቆጠራል የሚል። ቢሮዋ ውስጥ ያንን ዝርዝር በአማርኛ እየተረጎመች አነበበችልኝ። ከሽያጭ በኋላ በቻት ወይም በኢሜይል መርዳት ጥላውን ያስቀራል። የዋስትና ውል መሸጥም፣ በገጹ የክሬዲት ካርድ ማመልከቻ መቀበልም እንደዚያው። ኩኪ የሚሉት፣ ድረ ገጹ ገዢው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ የሚያስቀምጠው ማስታወሻ እንኳ በሁለት ተከፍሏል፤ ገዢው ቅርጫቱ ውስጥ የጨመረውን የሚያስታውስ ከሆነ ችግር የለውም፣ ሰው ምን እንደሚፈልግ ሰልሎ ቀጥሎ ምን ዓይነት ዕቃ እናምጣ ለማለት ከሆነ ግን ጥላው ቀረ። "የሚደጋገሙ ጥያቄዎች" ብሎ ጽሑፍ ለጥፎ መተው ይቻላል። እኔ እንደ ተራ ሰው ስሰማው ሳቄ ነው የመጣው። ያው መልስ በጽሑፍ ሲለጠፍ ንጹሕ ነው፣ ልጄ ስትጽፈው ሌላ ስቴት ገብታ ሠራች!

የኮሚሽኑ አቋም ሕግ አይደለም። እያንዳንዱ ስቴት ሲቀበለው ነው ሕይወት የሚዘራው። ካሊፎርኒያ በ2022 ተመሳሳይ መመሪያ አወጣች፤ የካታሎግ ነጋዴዎች ማኅበር ከሷት በ2023 መጨረሻ የሳን ፍራንሲስኮ ፍርድ ቤት መመሪያውን ሻረው፤ ምክንያቱ ግን ይዘቱ ሳይሆን ደንብ በሚወጣበት ሥርዓት አለመውጣቱ ነው። ኒውዮርክ በዚያው ወር በደንብ መልክ አወጣችው። ኒው ጀርሲም ተቀብላዋለች። ከሌሎቹ ብዙዎቹ ግልጽ አቋም አላወጡም። ታክስ ሠሪዋን የወደድኩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ያልለየለትን ነገር እንደለየለት አድርጋ አታስፈራራም፣ ያስፈራውንም "ተይው" ብላ አትሸኝም። የትኛው ስቴት ውስጥ ምን ያህል እንደምሸጥ አየች፣ ከዚያ "ኒውዮርክና ኒው ጀርሲ ላይ የሚገኘው ትርፍዎ ስንት ነው?" አለችኝና አሰላነው።

ስሌቱ ይህን ይመስላል። ዛሬ ብዙዎቹ ስቴቶች የድርጅትን ትርፍ የሚከፋፍሉት በሽያጭ ድርሻ ነው። በምሳሌ ልንገራችሁ፤ የእኔን ቁጥር አልነግራችሁም። የዓመት ትርፍሽ 40,000 ዶላር ቢሆንና ከሽያጭሽ 4 በመቶው አንድ ስቴት ቢሄድ፣ ለዚያ ስቴት የሚታሰበው 1,600 ዶላር ነው። ስቴቱ 5 በመቶ ቢቆርጥ 80 ዶላር። ይህን ቅጽ ለመሙላት እሷ የምታስከፍለው 150 ዶላር ነው! ነዋሪ ካልሆነ ሰው ከተወሰነ ገቢ በታች ቅጽ የማይጠይቁ ስቴቶችም አሉ። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚፈራው ታክሱን ነው፤ የሚያስከፍለው ግን ወረቀቱ ነው። እሷ ራሷ ናት ይህን የነገረችኝ፤ ገቢዋን የሚቀንስባት ነገር መሆኑን እያወቀች።

አንድ ሌላም ነገር አለ። እኔ የቨርጂንያ ነዋሪ ስለሆንኩ ቨርጂንያ ትርፌን በሙሉ፣ የትም ልሽጠው የት፣ ታክስ ታደርገዋለች። ሌላ ስቴት ቢያስከፍለኝ አብዛኛውን ጊዜ ቨርጂንያ ላይ ክሬዲት፣ ማለትም እዚያ ለከፈልኩት ቅናሽ፣ አገኛለሁ። ሁለቴ አልከፍልም፤ ሁለቴ እሞላለሁ እንጂ። ኮርፖሬሽን ያላችሁ ደግሞ ለየት ይላል፤ እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ስቴቶች ከእነሱ ተልኮ ሌላ ቦታ ታክስ የማይነካውን ሽያጭ መልሰው ወደ ራሳቸው ይቆጥሩታል። እሱን ጠይቋት፤ እኔን አይመለከተኝም ብዬ በደንብ አልሰማኋትም።

ቻቱን በተመለከተ አጥፊው አላለችኝም። አሁን ቻቱ ከመግዛት በፊት ላለ ጥያቄ ብቻ ነው፤ "ይህ ጀበና ስንት ሲኒ ይቀዳል?" ለሚለው። ዕቃው ተሰብሮ ለደረሰበት ሰው ግን ምን ማድረግ እንዳለበት የሚናገር ጽሑፍ ከስልክ ቁጥሬ ጋር ለጥፈናል። ይህ ሙሉ መከላከያ እንዳልሆነ በግልጽ ነግራኛለች። "ከስቴቱ ደብዳቤ ከመጣ ግን የምናሳየው አለን" ነው ያለችው። ልጄ ቅር ብሏታል፤ ቻቱን የሠራችው እሷ ናት።

ልጄን ቅር ያሰኛት ይህ ብቻ አይደለም። የቡና አፈላል ሥነ ሥርዓት በቪዲዮ አስተምረን በወር ክፍያ እንሽጥ የሚል ሐሳብ ነበራት፤ በተለይ እዚህ ለተወለዱት ልጆች። ጥሩ ሐሳብ ነው። ታክስ ሠሪዋ ስትሰማ ብዕሯን አስቀመጠች። ሰማንያ ስድስቱ የሚጠብቀው የሚዳሰስ ዕቃን ነው፤ ቪዲዮ አይዳሰስም። ጀበናውና ቪዲዮው በአንድ ድርጅት ስም ሲሸጡ ቪዲዮው የጀበናውንም ጥላ ይዞ ሊሄድ ይችላል። በሌላ ኤል ኤል ሲ ለይተን ማድረግ እንችላለን ብላ ወጪውን ነገረችን። ገና እያሰብን ነው።

ከሁሉ በላይ አብዝታ የጠየቀችኝ ስለ መጋዘን ነው። የሄድኩትም በዚሁ ምክንያት ነበር፤ ዕቃዬን አማዞን መጋዘን አስገብቼ እነሱ እንዲልኩልኝ እያሰብኩ ነበር። ቤዝመንቱ ሞልቷል፣ ባለቤቴም መኪና ማጠቢያ ዕቃውን የሚያስቀምጥበት አጥቶ እያኮረፈ ነው። አማዞን የተረከበውን ዕቃ ለገዢ ይቀርብልኛል ወዳለው ስቴት ያዛውረዋል፤ አንቺን አይጠይቅም። ዕቃሽ የት የት እንዳለ ከሻጭ ገጽሽ ላይ ከዕቃ መዝገቡ ሪፖርት ታወጪያለሽ። አንድ ስቴት መጋዘን ውስጥ የተቀመጠ ጀበና ከዚያው ስቴት ሲላክ "ከውጭ የተላከ" የሚለው ቅድመ ሁኔታ ፈረሰ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቻትም ኩኪም ቁም ነገር አይደለም።

ነጋዴው ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ፔንሲልቬንያ ዕቃቸው አማዞን መጋዘን ውስጥ ላለ ከስቴት ውጭ ላሉ ሻጮች ደብዳቤ ስትበትን፣ የኦንላይን ነጋዴዎች ማኅበር ከሰሳት። በ2022 የፔንሲልቬንያ ኮመንዌልዝ ፍርድ ቤት አማዞን በገዛ ፈቃዱ ያዛወረው ዕቃ ብቻውን ሻጩን ለስቴቱ የሚያስገዛ ግንኙነት መሆኑን አላሳያችሁም ብሎ ለነጋዴዎቹ ፈረደ። ይህ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ነው፤ ሌላው ስቴት በዚህ አይገዛም። እሷ ያለችኝን በአጭሩ ልንገራችሁ፦ "የሚቆጥቡት የማሸጊያ ጊዜ ከሚጨምረው የቅጽ ብዛት ጋር ሲመዘን ይበልጣል ብለው ካመኑ ያስገቡ።" እኔ አላስገባሁም። ባለቤቴ አሁንም እያኮረፈ ነው።

መጋዘን ያስገባችሁና ለዓመታት ምንም ያልሞላችሁ ካላችሁ ይህን ስሙ። ቅጽ ያልገባበት ዓመት በጊዜ ብዛት አይዘጋም፤ ስቴቱ አሥር ዓመትም ወደ ኋላ ሄዶ ሊጠይቅ ይችላል። ደብዳቤ ከመምጣቱ በፊት በራስ ፈቃድ ከቀረቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው ሦስት ወይም አራት ዓመት ብቻ ነው፤ ቅጣቱም ይነሳል። ያ የስቴቶቹ ኮሚሽን በአንድ ማመልከቻ ከብዙ ስቴቶች ጋር የሚያስማማ ፕሮግራም አለው፤ ውሉ እስኪያልቅ ስም አይገለጥም። ደብዳቤው ከደረሰ በኋላ ግን በሩ ይዘጋል። እሷ ይህን ሥራ ትሠራለች፤ ዋጋው ግን ለብቻው ነው፤ ርካሽም አይደለም።

በየዓመቱ በሌላ ከተማ በሚደረገው፣ በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን የእግር ኳስ ውድድር ላይ ድንኳን ለምትተክሉ ደግሞ፤ እኔም አልፎ አልፎ እሄዳለሁ። አንድ ዓመት ዳላስ፣ ሌላ ዓመት አትላንታ፣ ሌላ ዓመት ሲያትል ነው። እዚያ ቆመሽ ዕቃውን ከእጅ ወደ እጅ ስትሸጪ ትዕዛዝ መጠየቅ አይባልም፤ ሽያጩ እዚያው ተፈጸመ። ያን ዓመት በዚያ ስቴት ጥላው የለም፤ በፖስታ የላክሽውም አብሮ ይቆጠራል። ዳላስ ከሆነ ቴክሳስ የግለሰብ የገቢ ታክስ የላትም፤ የድርጅት ፍራንቻይዝ ታክሷም ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለሚሸጥ ነው። ሲያትል ከሆነ ዋሽንግተን የንግድ ገቢ ታክስ የላትም፤ ግን ቢ ኤንድ ኦ የሚባል በጠቅላላ ሽያጭ ላይ የሚጣል ታክስ አላት። ሰማንያ ስድስቱ በተጣራ ትርፍ ላይ ለሚጣል ታክስ እንጂ ለእንደዚህ ያለው አይሠራም፤ ኦሃዮም ኦሪገንም የየራሳቸው ዓይነት አላቸው። አትላንታ ከሆነ ጆርጂያ የገቢ ታክስ አላት፤ ያን ዓመት ቅጽ ሞልቻለሁ። የሽያጭ ታክሱ በሦስቱም ቦታ አይቀርም።

ስለ ካሊፎርኒያ ያለችኝን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ካሊፎርኒያ አንድን ድርጅት "እዚህ ይነግዳል" የምትለው ሽያጩ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ነው፤ መጠኑ በ500,000 ዶላር ተጀምሮ በየዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር እየተስተካከለ ዛሬ ከ700,000 በላይ ነው። እኔ ከዚያ ምን አገናኘኝ? ሕጉ ግን ይህ መጠን ወይም ከጠቅላላ ሽያጭሽ 25 በመቶ፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው የሚለው። ስለዚህ በዓመት 30,000 ዶላር የምትሸጥ ሴት ከዚያ ውስጥ 8,000ው ካሊፎርኒያ ከሄደ መስመሩን አልፋለች። ካለፈች ኤል ኤል ሲዋ በዓመት 800 ዶላር ይጠየቃል፣ ብታተርፍም ብትከስርም። ሰማንያ ስድስቱም ከዚህ 800 አያድንም። የእኔ ካሊፎርኒያ አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። ሎስ አንጀለስ ያላችሁ ደንበኞቼ፣ እወዳችኋለሁ፤ ግን ዲሴምበር ላይ ትዕዛዝ ስታበዙ ስሌቴን እያየሁ ነው የማሽገው።

አሁን ወደ ዋጋውና ወደ ቅሬታዬ። የመጀመሪያው ምክክር 300 ዶላር ነው፤ ሰዓቷን አትቆጥብም፣ ሁለት ሰዓት አልፎናል። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሁለት ገጽ ላከችልኝ፤ ስቴት በስቴት፣ የትኛው ላይ ምንም እንደማይጠበቅብኝ፣ የትኛውን እየተከታተልኩ እንደምጠብቅ፣ የትኛው ላይ እንደምሞላ። ጽሑፉ የባለሙያ እንግሊዝኛ ስለሆነ ከብዶኛል። በአማርኛ ጻፊልኝ ስላት "በቃል ልንገርዎ" አለችኝ፤ በቃል ስትናገር ጎበዝ ናት፣ ግን የምከፍለው ለወረቀት ጭምር ነው። የሽያጭ ታክስ ምዝገባ አትሠራም፤ አፑን አሁንም እየከፈልኩበት ነው። ሰነድ የምትቀበለው በፒዲኤፍ ብቻ ነው፤ በቫይበር የተላከ የደረሰኝ ፎቶ አትከፍትም። እኔ ልጅ አለችኝ፣ ልጅ የሌለው ምን ያደርግ?

ደግሞ የሐበሻ ቢሮ ሆኖ ቡና የለም። ማሽን እንኳ የለም። ለሚቀጥለው ጊዜ ጀበና ይዤላት ሄጃለሁ፤ መስኮቱ ላይ አበባ ሰክታበት አገኘሁት።

ማን ይሂድ? ከሁለት በላይ ስቴት አዘውትራችሁ የምትልኩ፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ያላችሁ ወይም ለማስገባት የምታስቡ፣ በየከተማው ባዛር የምትዞሩ፣ ከዕቃ ጋር ትምህርት ወይም ሌላ የማይዳሰስ ነገር የምትሸጡ ሂዱ። ደብዳቤ የደረሳችሁማ ዛሬውኑ ደውሉ። በትርፍ ሰዓት በወር ጥቂት ነጠላና ሻሽ ለዘመድ አዝማድ የምትልኩ ከሆነ 300 ዶላራችሁን አታውጡ፤ ከላይ የጻፍኩትን አንብቡ፣ የካሊፎርኒያን 25 በመቶ ብቻ ልብ በሉ።

ስሟን እዚህ የማልጽፈው እሷ ስላልፈቀደች ነው፤ ስልክ በዝቶብኛል ትላለች። በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ። ከጃንዋሪ አጋማሽ እስከ ኤፕሪል 15 አዲስ ደንበኛ አትቀበልም፤ በሜይ ወይም በጁን ደውሉ፣ መልእክት ስትተዉም የምትሸጡትን ዕቃና የምትልኩባቸውን ስቴቶች ተናገሩ። "ታክስ ለማሠራት ነበር" ብቻ ካላችሁ መልሳ አትደውልም።